ለቦሎ የተቆረጠች እርካብ

የመኪና መርማሪው ምስጋናው ወደ ቅጥቅጡ አውቶቡስ ሲወጣ እግሩን ያሳረፈው በሩ ሥር የተበየደችው መወጣጫ ላይ ነበር። ውስጡን አየ፣ ወንበሮቹን ነቀነቀ፣ በዚያችው ረግጦ ወረደና በእስክሪብቶው ጫፍ ጠቆማት።

«ይህቺ ትቆረጥ፣ ጋሽ ምንይችል።»

«አሁን የወረድክባት?»

«አዎ፣ አሁን የወረድኩባት» አለ ምስጋናው፤ ፈገግ እንኳ አላለም። «ሊብሬው ላይ የለችም። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አልነበረችም።»

ሾፌሩ ምንይችል ቀና ብሎ መኪናውን አየው። ታቹ የጭነት መኪና ነው፤ ላዩን ቀጥቃጮች በመዶሻ ሠርተው ጫኑበት። ጣሪያውም፣ በሩም፣ ወንበሩም ፋብሪካ የሚባል አያውቅም። ከዚህ ሁሉ መሃል ትውልዷ የተጠየቀው አንድ ክንድ የማትሞላ ብረት ብቻ ሆነች።

ያስበየዳት ለእናቱ ለየሻረግ ነው። ጉልበቷ አልታጠፍ ካለ ወዲህ፣ ያን ያህል ፈረስ የጋለበች ሴት የቅጥቅጡ ደጃፍ ከፍ አለባት። አንድ የገበያ ቀን ሰዎች እንደ ጆንያ ተሸክመው ሲያስገቧት አለቀሰች። ምንይችል በማግስቱ መወጣጫዋን አሠራ። የአገሯ የአዘና ሴቶች «እርካቧ» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ መኪና አንሄድም የሚሉ አሮጊቶች በዙ።

በየዓመቱ የቦሎ ሰሞን፣ ምርመራው በር ላይ የሚሠራው በያጅ ደሴ ሲገባ ይቆርጥለታል፣ ሲወጣ መልሶ ይበይድለታል። የኢንጅባራ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ አንዱ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላውን፣ አንዱ ተደራቢ ወንበሩን አስፈትቶ ይገባል፣ አስገጥሞ ይወጣል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ዘንድሮ ግን ደሴ የበሩን ሥር በመዶሻው መታ መታ ሲያደርገው ዝገቱ እንደ ቅርፊት ረገፈ።

«ስንቆርጥ ስንበይድ ብረቱን ጨረስነው» አለው። «አሁን ከቆረጥኳት ብየዳ አይይዝላትም። እንደ ምንም ለምነህ አሳልፋት።»

ይኸው እየለመነ ነው።

«ወንድሜ፣ አንተ እናት የለህም?»

«አለችኝ።» ምስጋናው ዓይኑን አሸ። ከጠዋት ጀምሮ ከሾፌር ጋር ሲከራከር ድምፁ ሰልሏል። «አምና ጥሊሊ መንገድ ላይ አንድ ረዳት እንዲህ ያለች መወጣጫ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ወድቆ ሞተ። ያንን መኪና ያሳለፍኩት እኔ ነበርኩ። እባክዎ አይለምኑኝ።»

ምንይችል ዞሮ መወጣጫዋን አያት። ያለ ቦሎ አንድ ቀን መሥራት የለም፤ ትራፊኮቹ መንገዱ ላይ ናቸው፣ ቤቱ የሚያድረው በዚህች መኪና ነው። ደከመው። ክርክሩ አይደለም፤ በየዓመቱ እዚሁ ቆሞ ይህንኑ መናገሩ ደከመው።

ሄዶ ደሴን ጠራው።

ብረቷ ስትወድቅ ብዙም አልጮኸችም። ደሴ አነሳትና ከሾፌሩ ወንበር ሥር አስቀመጣት። ምስጋናው የዓመቱን ቦሎ መስታወቱ ላይ ለጠፈ። «መልካም መንገድ» አለ፤ ከልቡ ነበር።

ከምርመራው በር ውጭ የምንይችል እናት ከአዘና ሴቶች ጋር ቆማ ትጠብቃለች። ጉሙ ነጠላቸውን አርሶታል። ሁለት መኪና አልፏቸዋል፤ አልተሳፈሩም።

«ሰጡህ?» አለችው።

«ሰጡኝ፣ እማዬ።»

«ተመስገን!» አለችና የበሩን እጀታ ይዛ፣ ሳታይ፣ እንደ ልማዷ እግሯን አነሳች። እግሯ አየር ላይ ወዲህ ወዲያ አለ፤ ፈለገ፣ አጣ። ዝቅ ብላ አየች።

ምንይችል ከመሪው ወርዶ ዞረ። ለለቅሶ ሲሄዱ አባቱ ፈረስ ላይ ሲያወጣት ያደርገው እንደነበረው፣ በርከክ ብሎ የሁለት እጁን ጣቶች አቆላለፈና ከእግሯ ሥር ዘረጋላት። እጇን ትከሻው ላይ ጥላ ረገጠችው። ጫማዋ ጭቃ ነው። ይህን ያህል ቀልላለች ብሎ አላሰበም ነበር። ገባች።

እጁን ሱሪው ላይ ሊጠርግ ቀና ሲል፣ ሴቶቹ ከኋላው ተራ ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያሉት እማማ ማናለብሽ ናቸው።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉት፤ ነጠላቸውን ሰብስበው እግራቸውን አነሱ።

ምንይችል ጣቶቹን መልሶ አቆላለፈ።