የላይኛው መስታወት

ጋሽ አጉሊ ሌንሱን ወደ መስኮቱ አዙሮ በአንድ ዓይኑ ሲያይበት ቆየና፣ «ተቧጭሯል» አለ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ከእርስዎ በፊት ሦስት ሱቅ ገብቼ ሦስቱም ይህንኑ ነው ያሉኝ» አለች ፎቶ አንሺዋ። «ብቻ ስንት ያወጣል? ቶሎ ይበሉኝና ልሂድ።»

«ምን አስቸኮለሽ? ድስት ጥደሽ ነው እንዴ የመጣሽው?»

ያስቸኮላትስ እንባዋ ነበር። ሌንሱ ስታንዳርድ ዙም የሚሉት ዓይነት ነው፤ ቀለበቱን ዞር ሲያደርጉት ሰፊውን አዳራሽም፣ የአንድ ሰው ፊትም የሚይዝ፣ ለሠርግም ለምርቃትም የሚሆን። ስድስት ዓመት ቤቷን ያቆመላት እሱ ነው። አሁን አሁን ግን ብርሃን ፊት ለፊት ባገኘ ቁጥር ፎቶው ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ሙሽራ እናት፣ «ልጄን ጭጋግ ውስጥ ነው እንዴ የዳርኳት?» ብለው አልበሙን ጠረጴዛዋ ላይ ጥለውላት ሄዱ። እውነታቸውን ነው። አዲስ ሌንስ መግዛት የማይታሰብ ነገር ነው። ታላቅ እህቷ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይነት አግኝታላታለች፤ ሰኞ ትጀምራለች። ዛሬ ሌንሱን ከሸጠች ነገ ካሜራውን ትሸጣለች፣ አለቀ ደቀቀ።

ጋሽ አጉሊ፣ ስሙን ያወጣችለትን በአንገቱ ያንጠለጠላትን አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቀነ። አሮጌ ካሜራ እየገዛ፣ እየጠገነ ሲሸጥ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ቀለበቱን ወዲያ ወዲህ አዞረ። «ሻጋታ የለው። አቧራውም ይሄ ነው አይባልም። በደንብ ነው የያዝሽው» እያለ አጉተመተመ። ከዚያ ትንሽዬ ባትሪ አብርቶ በጎን በኩል ለቀቀበት። ግንባሩን ቋጠረ። እንደገና አበራበት።

«ይሄን ነገር ማን ነው የሰጠሽ?»

«የድሮ አሠሪዬ፣ እትዬ። ፎቶ ቤቷን ስትዘጋ ‹ይሄ ያንቺ ነው› ብላ ሰጠችኝ። ያኔም ጠርዙ ተጣሞ ነበር።»

እውነቱን ለመናገር ያኔ ቅር ብሏት ነበር። ደህና ደህናውን ሸጣ ጠማማውን ለኔ፣ ብላ። አልተነፈሰችም እንጂ።

«አንቺ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ምኑን ስትወለውዪ ነው የኖርሽው?»

«ምነው ጋሼ?»

ጋሽ አጉሊ ከመሳቢያው የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አወጣ፤ የሌንሱን አፍ ዙሪያውን ጠቀለለበትና ጨምድዶ ያዘው። ጠመዘዘ። ወይ ፍንክች! ጥርሱን ነክሶ ደገመው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ።

«ኧረ ይሰበራል! ኧረ ጋሼ!»

«ልትሸጪው አይደል የመጣሽው? ምን አንሰፈሰፈሽ!»

ቀጭ አለ። ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ሽማግሌው በአንድ እጁ ሌንሱን፣ በሌላው አንዲት ክብ መስታወት ይዞ ቆሟል። ጭረቱ፣ የሙሽሮችና የሕፃናት የጣት ቅባት፣ የስድስት ዓመት አሸዋ፣ ሁሉም እዚያች ክብ መስታወት ላይ ነው። የሌንሱ ፊት ግን፣ እሰይ፣ አሁን ታጥቦ የተደፋ ብርጭቆ ነው የሚመስለው።

«ፊልተር ናት» አለ ጋሽ አጉሊ እያለከለከ። «የሌንሱን ፊት እንድትጠብቅለት ከላይ የምትታሰር መከላከያ። ጠርዟ ሲጣመም ተነክሳ ቀርታ ሌንሱን ራሱን መስላ ኖራለች። እኔም መጀመሪያ ስቻለሁ። ደግሞ ርካሽ እንዳትመስልሽ። ሰው እንዲህ ዓይነቷን የሚገዛው ለሚሳሳለት ዕቃ ነው።»

ፎቶ አንሺዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እትዬን! በሆዷ ስድስት ዓመት ስታማት የኖረችውን ሴትዮ! ዛሬውኑ እደውልላታለሁ አለች በልቧ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር እንጃ እንጂ።

«እና አሁን ስንት ያወጣል?» አለች፣ ከሌንሱ ዓይኗን ሳትነቅል።

«አሁንማ ያወጣል። ከነገርኩሽ ግን ትሸጪዋለሽ፤ አልነግርሽም።»

ይሄኔ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታያት። ይህ ሰው ሌንሱን በተቧጨረ ዕቃ ዋጋ ገዝቶ፣ እሷ ከበሩ ስትወጣ መስታወቷን ጠምዝዞ ሊፈታ ይችል ነበር። ማን ያየው ነበር? ማንም። ያን ሁሉ ሰዓት ይዛው የቆየችው እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ። ምን ላድርግልዎት?»

«ሂጂና ሥሪበት። አሁን ይልቅ አታልቅሺ፣ ፈትኚው። ያንን ግድግዳ አንሺ።»

ካሜራዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ሌንሱን ገጠመችበት። ግድግዳውን ግን አላነሳችም። ዞር ብላ፣ የምትፈራውን የመስኮት ብርሃን ሆን ብላ ከጀርባው አድርጋ፣ ሽማግሌው ላይ ደቀነችው።

«ኧረ እባክሽ! እኔ ምን አደርግልሻለሁ?»

ዕድሜውን ሙሉ በሰው ሌንስ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ሌንስ ፊት መቆም አልለመደም። ኮሌታውን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታው። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣው።

«እጄን የት ላድርገው?» አለ እንደ ልጅ አፍሮ።

«እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጋሼ። እንዳለ ይሁን።»

አንገቷን ሰበር አድርጋ ቀለበቱን አዞረችና ወደ እጆቹ ቀረበች። ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር ዘይት፣ የመዳፉ ስንጥቅ፣ ያ ጠማማ ጠርዝ ልጦት ደም ያዘለው አውራ ጣቱ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ታያት።