ድስቱ የጾም ነው የፍስክ?

ትርንጎ ሽሮ የማያሳርር ወፍራም የድሮ ብረት ድስት ፍለጋ መርካቶ ከወጣች ጀምሮ ልቧ አልረጋም። ክዳኑን ስታነሳ የልጇ እግር ላይ ሲወድቅ ታያት፤ ድስቱን ስትጥድ ቡታጋዙ ከክብደቱ ሲሰበር ታያት። ከሁሉ የከፋው ግን የአማቷ የእማማ አስካለ ነገር ነው። ሁዳዴን እነሱ ጋ ሊጾሙ ነገ ይመጣሉ። አምና «ማንኪያው ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ» ብለው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ሲሄዱ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ትርንጎን «ጾም አስገዳፊ» ብሏት ነበር።

«ወንድሜ፣ የጾም ነው የፍስክ?»

ነጋዴው ሳቀ። «እናት፣ ድስት ደግሞ ይጾማል እንዴ?»

«ብረት እንዲህ ሲያረጅ የተሠራበትን ቅቤ ሁሉ ይጠጣል። ስንት ዶሮ ወጥ ያየ ይሆን!»

«እሺ በቃ፣ የመነኩሴ ነበር!»

አላመነችውም፤ ግን ገዛችው። የቤቷን ድስቶች በሙሉ ቅቤ ነክቷቸዋል ብላ ለቁራሌው ሰጥታ ጨርሳለች። አዲሱን በአመድ ፈተገችው፣ በሎሚ አሸችው፣ ደጋግማ ውሃ አፈላችበት። ውሃው ላይ ግን ቅባት መንሳፈፉን አልተወም።

በማግስቱ ሽሮውን አቀረበች። እማማ አስካለ አንዴ ጎረሱ። ደግመው ጎረሱ። ትርንጎ ሻንጣቸው የት እንዳለ በዓይኗ ፈለገች።

«ምን አድርገሽበት ነው?»

«ምንም እማማ! ዘይትና ሽንኩርት ብቻ። ድስቱ አሮጌ ሆኖብኝ ነው፤ ነገ እንደገና በአመድ እፈትገዋለሁ።»

እማማ አስካለ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተዪው ልጄ። እስከ ፋሲካ እንዳታጥቢው።»