አምስተኛው መኪና

እህትየው መኪኖቹ አምስት ነበሩ ትላለች። አራቱ ጭነት ላይ፣ አምስተኛው ጋራዥ የቆመ፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ትምላለች። ታናሽ ወንድሟ አራት ብቻ ነበሩ ይላል። አራቱም ይሠራሉ፤ ጋራዥ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ ዝር አላለም። ሁለቱም ያንኑ ፈተና፣ ባንድ አዳራሽ፣ በሦስት ወንበር ተራርቀው ተፈትነው ከወጡ አምስት ሰዓት አልሞላቸውም።

አስጠኚያቸው ጋሼ ማርከራቸውን ይዘው ነጭ ሰሌዳው ፊት ይጠብቃሉ። ልማዳቸው ነው፤ ተማሪዎቻቸው ከፈተና እንደወጡ ቤት ሳይገቡ ወደዚህች ክፍል ይመጣሉ። ያስታወሱት ጥያቄ ሁሉ ሰሌዳው ላይ ይወጣል፣ ይሠራል፣ እያንዳንዱ ስንት እንዳገኘ ይቆጠራል። ሌሎቹ ነጥባቸውን አውቀው ሄደዋል። የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ቆጠራው ለወሬ አይደለም። ወደ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ለመግባት የተፈተነ ሰው፣ በዚያው ዕለት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ደውሎ ወረቀቱን ካሰረዘ በሚመጣው ዓመት እንደ አዲስ ይቀመጣል። ታርሞለት ከስልሳ በታች ካመጣ ግን በሩ ሦስት ዓመት ይዘጋበታል። እህትየው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ከአርባ በላይ አይቀበልም።

አዋላጅ ናት። የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊነት ሁለት ጊዜ ያመለጣት ይህ የአስተዳደር ትምህርት ስለሌላት ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የተሾሙትን አለቆች ሥራ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። አሁን ሰሌዳው ላይ ከስሟ ሥር ሃምሳ ስምንት ተጽፏል። የቀረው የመኪኖቹ ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ ሦስት ጥያቄ ተንጠልጥሎበታል። ካገኘችው ስልሳ አንድ፣ ካላገኘችው እዚያው ሃምሳ ስምንት።

«እትዬ፣ እናታችንን! አራት ናቸው» ይላል ወንድሟ።

«አንተ እያንጎላጀህ ነው የቆጠርካቸው።»

«አራት መኪና ለመቁጠር ይሄን ያህል መንቃት አያስፈልግም።»

ጋሼ ሳቃቸውን ዋጥ ያደርጋሉ። «ጠቅላላ ጭነቱስ?»

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኩንታል» ይላሉ ሁለቱም እኩል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳይጨቃጨቁ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ነው።

የተጠየቀው ለአንድ መኪና፣ የቆመም ካለ አብሮ ተቆጥሮ፣ በአማካይ የሚደርሰው ነው፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት መቶ፣ ለአምስት ሁለት መቶ አርባ። ጋሼ ሁለቱንም ይጽፉና ወደ እሷ ይዞራሉ። «አንቺ የቱን አጠቆርሽ?»

«ሁለት መቶ አርባን። ፊደሉ ‹ለ›።» አላመነታችም።

የጋሼ እጅ ሰሌዳው ላይ ቆም ይላል። ማርከሩን ይከድኑና ከጠረጴዛው ላይ የልምምድ ጥራዟን አንስተው ገጽ አስራ ስምንትን ይገልጣሉ። የአምናውን ፈተና አስመስለው ራሳቸው ያዘጋጁት ጥያቄ ነው። አምስት መኪና፣ አንዱ ጋራዥ የቆመ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኩንታል። መልሱ ሁለት መቶ አርባ፣ ፊደሉ ‹ለ›። ሰባት ጊዜ ሠርታ ሰባት ጊዜ በላጲስ አጥፍታዋለች፤ ወረቀቱ ሳስቶ ከኋላ ያለው ገጽ ይታያል።

«ያንተስ?» ይላሉ ጋሼ ወንድምየውን።

የሱ ገጽ አስራ ስምንት ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው።

«ይሄን ጥራዝ ከፍተኸው ታውቃለህ?»

«ሽፋኑን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ጋሼ።»

ማንም አይስቅም። እህትየው ዓይኗን ጨፍና የጠዋቱን ወረቀት ልታመጣው ትሞክራለች። የሚመጣላት ይኸው የሳሳው ገጽ ነው። ደግማ ትሞክራለች። ገጹ ይመጣል፤ ጋራዥ የቆመውም መኪና ይመጣል። አዳራሹ ውስጥ ምን እንዳነበበች ግን ከየትም አይመጣም። የልብ ምት ሳይቆጥሩ ከቀድሞው ተረኛ መዝገብ የሚገለብጡ ተለማማጆችን ስንት ጊዜ ተቆጥታለች።

«ትክክል ሠርተሽው፣ አሁን የእኔ ጥያቄ ሸፍኖብሽ ሊሆን ይችላል» ይላሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «ሳታነቢውም የእኔን መልስ ጽፈሽ ሊሆን ይችላል። እዚህ ሆኜ መለየት አልችልም። ደጋግመሽ ሥሪ ያልኩሽም እኔ ነኝ።»

«ይታረም እንጂ!» ወንድሟ ከወንበሩ ይነሳል። «ስልሳ አንድ ቢሆንስ? የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ልትጥይ ነው?»

«ብብቴ ውስጥ ምን እንዳለ ነው የጠፋብኝ።»

«አብረን ነው የምንገባው ተባብለን አልነበር?» ድምፁ ወርዷል። ከስሙ ሥር ስልሳ ስድስት ተጽፏል፤ በጀርባው ሊከልለው የፈለገ ይመስል ሰሌዳውን ተደግፎ ይቆማል።

ለአስራ አንድ አስር ጉዳይ ነው። ስልኳን አውጥታ ትደውላለች። የወንበር ቁጥሯን ትናገራለች፣ ስሟን ፊደል በፊደል ታስጽፋለች። ከወዲያ በኩል ያለችው ሠራተኛ ድምፅ ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ ይሰማል፤ «አንዴ ከተሰረዘ አይመለስም። እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ብሆን ኖሮ አልደውልም ነበር፣ እህቴ» ትላለች። «ወረቀቴ ይሰረዝልኝ።»