የቃጫ እግር

«ስትወድቂ ምን ተሸክመሽ ነበር?»

ታንጉት ነጠላዋን ወደ ጉልበቷ ሳበች። ከጉልበቷ በታች በተቆረጠው ግራ እግሯ ፋንታ ትረግጥበት የነበረው ሰው ሠራሽ እግር ለሁለት ተሰብሮ ግቢው ሣር ላይ ተጋድሟል። እግሩን የሠሩላት የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ ፕሮፌሰር ያምሮት፣ መሰበሩን ሰምተው እሷ ያለችበት ጅጋ ድረስ መጥተዋል፤ እንደ ቤተ ዘመድ መሬት ላይ ተቀምጠው ስብራቱን በጣታቸው ይዳስሳሉ።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።»

«ውኃ ነበር... በጀሪካን። ሐኪሙ ሸክም አትንኪ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ውኃውን ማን ይቅዳልሽ?»

ታንጉት ቀና አለች። እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ፕሮፌሰሯ ከመጡበት መኪና አዲስ እግር አወጡ። ቃጫ ነው፤ ያው ገመድ የሚገመድበት ቃጫ፣ በሙጫ ተደራርቦ እንደ ቀንድ የጠነከረ። «ይኼን ከነሸክምሽ አስቤ ነው የሠራሁት» አሉና ተንበርክከው በጠፍር አሰሩላት። ጣቶቻቸው ሙጫው ልጧቸው ሻክረዋል።

«ስንት ዘመን ሆነዎ በዚህ ሥራ?»

«ሠላሳ ዓመት።»

«ሠላሳ ዓመት ለአንድ እግር!»

ፕሮፌሰሯ ከት ብለው ሳቁ። «አብዛኛውን ስሰብር ነው የኖርኩት፣ እታለም። ሠርቶ መስበር፣ ሰብሮ መሥራት። መፈተሻ ማሽን ላይ ነው ታዲያ። ሰው ላይ ሲሰበር ግን...» ዓይናቸው ታንጉት ስትወድቅ ግንባሯ ላይ የቀረው ጠባሳ ላይ አረፈ። «በይ ተነሺ፤ ጀሪካኑን ያዢ።»

ወደ ምንጩ ወረዱ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጭቃው እግር ይይዛል። ታንጉት ጀሪካኑን ሞልታ አዘለች። አቀበቱን ስትጀምር አዲሱ እግር ሲጥ አለ።

ደርቃ ቀረች። የወደቀች ዕለት መሬቱ ወደ ፊቷ ሲመጣ ዳግም ታያት።

«እንዳትንቀሳቀሺ!» ፕሮፌሰሯ በዚያ በጥሩ ቀሚሳቸው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፤ የንብ ቀፎ እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሯቸውን እግሩ ላይ ለጠፉ። «እስኪ ክብደትሽን ጣይበት... ድገሚ... አሁንም።» ቀና አሉ። «ሲጥ ያለው ጠፍሩ ነው። ቃጫውስ ዝም ብሏል።» ጠፍሩን አጠበቁላት። «ሂጂ፤ ከኋላሽ ነኝ። ብትወድቂም እኔ ላይ ነው።»

ወጣች። ያን ሁሉ ዳገት አንዴም ሳትቆም ወጣች። በሯ ላይ ጀሪካኑን አውርዳ ዞር ስትል ግን ከኋላዋ ማንም የለም። ፕሮፌሰር ያምሮት ከታች፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው፣ አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ።

«ኧረ በማርያም! እዚያው ይቆዩ፣ እትዬ!»

ታንጉት ቁልቁል ተንደረደረች። ጭቃው ዳር ስትደርስ አንድ እግሯን ውስጡ ተከለች፤ በሁለት እጇ ይዛ ጎተተቻቸው። የተከለችው የቃጫውን እግር መሆኑን ያየችው፣ ሴትዮዋ ደረቅ መሬት ከረገጡ በኋላ ነው።