የነጩ ኮረብታ ፍርፋሪ

ወንድሜ መሮውን ከእናታችን መስኮት ሥር ባለው ነጭ ድንጋይ ላይ ያሳርፍና መዶሻውን ያነሳል። ከዚያ መልሶ ያወርደዋል። ግድግዳው አባባ ድንጋዩን ከነጩ ኮረብታ ፈልጦ በገዛ እጁ የገነባው ነው፤ ግንበኛ ልጁ እንኳ አይደፍረውም።

"ጋሼ፣ እፍኝ ይበቃናል" እለዋለሁ።

"እኔ ባላበላሸው እፍኝም ባላስፈለገሽ፣ የድንጋይ ሐኪሟ።"

እውነቱን ነው። እማዬ ድሮ ከኮረብታው ያመጣቻትን ሰማያዊ አበባ በአሮጌ ሳፋ፣ ከነጠጠሯ ታኖራት ነበር። ወንድሜ አምና አዘነላትና፣ ጠጠር ላይ ምን በልታ ትኖራለች ብሎ ጠጠሩን ከቆሻሻ ጋር አስጫነው። በምትኩ ጥቁር አፈርና ፍግ ሞላላት። ደግ ያደረገ መስሎት ነው። እሷ ግን እየገረጣች ሄዳ አሁን ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀርቷታል። ሌላ ዘመድ የላትም። ኮረብታውን አባባና ጓደኞቹ ፈለጡት፤ የተረፈውን የሲሚንቶ ፋብሪካ ፈጨው።

ልጆች ሳለን ያ ኮረብታ ዝናብ ባባራ ቁጥር በቀንድ አውጣ ይሞላ ነበር። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የወፎቹ ጫጫታ ነበር። ቀንድ አውጣው ቤቱን የሚሠራው ከዚያ የኖራ ድንጋይ እንደሆነ፣ የወፎቹም እንቁላል የሚጠነክረው ቀንድ አውጣውን በመልቀማቸው እንደሆነ የገባኝ አድጌ፣ የድንጋይ ትምህርት ተምሬ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ሁሉም ተከታትለው ጠፉ። እኛ ወፎቹ የተቀየሙን ይመስለን ነበር። እስካሁን ይናፍቁኛል።

እማዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳፋውን ጭኗ ላይ ይዛለች። ጠዋት አበባዋ የምትፈልገው ያንኑ ድንጋይ ነው ስላት ግድግዳውን በአገጯ አሳየችን። አሁን የልጇ ማመንታት አሰልችቷታል።

"አባትህ ኮረብታውን ሙሉ ሲፈልጥ እጁ አልተንቀጠቀጠም" ትለዋለች። "አንተ ለአንድ ጥግ ነው?"

"እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ" ይልና ይመታዋል።

ድንጋዩ ገር ነው፤ በሁለት ምት ጥጉ ወደቀ። እሱ ያደቅቃል፣ እኔ ፍግ የበዛበትን አፈር እያወጣሁ ፍርፋሪውን ሥሯ ዙሪያ እሞላለሁ። እማዬ ትድን እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ሥሯ ካልበሰበሰ ትድናለች እላታለሁ። ልዋሻት አልፈልግም።

ራሷን ነቀነቀች። ከፍርፋሪው አንዷን አንስታ አቧራዋን እፍ አለችና አፏ ውስጥ ጨመረቻት።

ወንድሜ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ ትመጥጣታለች።

"አንቺን ያረገዝኩ ጊዜ አምሮቴ ይሄ ነበር" ትለኛለች። "ሌላ ነገር አልቀምስ ብዬ፣ አባትሽ ከሥራ ሲመለስ ከኪሱ እያወጣ ይሰጠኝ ነበር።"

ምላሴ ሳላስበው፣ ምናልባት ከዚያው ኮረብታ የተሠሩ ጥርሶቼን ይዳስሳል።