ደጃፌ ላይ ያሉት ጫማዎች

የቤቴ በር ላይ ቁልፍ ከውጭ ይዞራል። ማንኳኳት ብሎ ነገር የለም። ቤቴ ሳያንኳኳ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም። ባሌን ከቀበርን ጀምሮ ትርፉ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። «ለክፉም ለደጉም» ብሎ ነበር የወሰደው፤ ለደጉ ሲመጣ ግን አይቼው አላውቅም።

እኔ የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። የእንግዳዬን የተቀደደ የዝናብ ልብስ ልጥፍ ወደ ወፍራሙ መርፌ እየቀየርኩ ነው። በሩ ግማሽ እንኳ ሳይከፈት ከብስክሌት ጎማ ጋር ይጋጫል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ብስክሌት ነው ጋሼ። ደህና አደሩ?»

ሰላምታዬን አይመልስም። በግራና በቀኝ ሻንጣ የተጫነበትን፣ እስከ መሪው ጭቃ የለበሰውን ብስክሌት ያያል። ከዚያ ዓይኑ በሩ ስር ያሉት ጫማዎች ላይ ያርፋል። ትልልቅ ናቸው። ትናንት እኔም ሳያቸው ስቄያለሁ።

«ባለሱቁ እውነቱን ነው ለካ» ይላል። «አንድ ወጠምሻ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ እሷ ቤት ገባ ሲለኝ፣ ዓይኑ ደክሞ ነው ብዬ ነበር።»

ዓይኑስ ደክሟል። ወጠምሻው ሴት ናት። የበሬን ጉበን ጎንበስ ብላ የምታልፍ፣ ከሌላ አገር በብስክሌት የመጣች ልጅ። ትናንት ዝናቡ መንገዱን ሲያጠፋባት መጥታ በሬን አንኳኳች። አዎ፣ አንኳኳች። ከቋንቋችን የምታውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ውሃ» እና «አመሰግናለሁ»። መዳፎቿን ገጥማ ጉንጯ ስር አደረገቻቸው፤ መኝታ መለመኗ እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። አስገባኋት። ከእኔ እኩል በላች፣ እንደ ሕፃን ተኛች።

አሁን ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከውስጠኛው ክፍል፣ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል።

«ገላውን እየታጠበ ነው?» ድምፁ ይሰነጠቃል።

«ሰው ገላውን አይታጠብም እንዴ ጋሼ?»

«አታሹፊብኝ። በወንድሜ ቤት፣ በወንድሜ አልጋ...»

«አልጋው ለእንግዳ አጠረ። መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍኩ።»

«ሴት ናት» ማለት እችላለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ብናገር ነገሩ እዚሁ ይበርዳል፤ ይስቃል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ሻይ አፍይ ይላል፣ ቁልፉንም ይዞ ይሄዳል። ነገ ደግሞ ዝናብ የመታው ወንድ በሬን ቢያንኳኳ፣ የእህቴ ልጅ እንኳ አንድ ቀን ልደር ቢለኝ፣ እሱን ላስፈቅድ ነው። በገዛ ቤቴ። ደሜ ይፈላል። አልነግረውም፤ ይቃጠል።

«ሰፈሩ ምን ይላል? እሱንስ አላሰብሽም?»

«ሰፈሩ ይምጣ፤ ወንበር አለ።»

ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን አንጠልጥሎ ያነሳና አንድ በአንድ ወደ መንገዱ ይወረውራቸዋል። አንደኛው ኩሬ ውስጥ ያርፋል። ማዶ ባለሱቁ በመስኮቱ አንገቱን ያሰግጋል።

እነሳለሁ። ይህን ሰው ሁልጊዜም እፈራዋለሁ። እጄን ዘርግቼ ፊቱ እቆማለሁ።

«ቁልፉን ይስጡኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የቤቴን። ግድግዳውን ወንድምዎ አቆመ። የጣሪያውን ቆርቆሮ የገዛው ይሄ የስፌት መኪና ነው።»

«አልሰጥም ብልስ?»

«ከሰዓት ቁልፍ ሠሪ አመጣለሁ። ያን ጊዜ እርስዎም እንደማንኛውም ሰው ያንኳኳሉ። ካንኳኩ እከፍታለሁ፤ ዝናብ የመታው መንገደኛ የገባበት ቤት እርስዎን ደጅ አያስቀርም።»

«ወንድሜ ይሄን ቢያይ...»

«ወንድምዎ ቢኖር ጫማ አይወረውርም ነበር። ጭቃውን ያራግፍ ነበር።»

ወንድሙን ያውቀዋል። እጄን አላጠፍም።

ውስጥ የውሃው ድምፅ ይቆማል። ጋሼ ዓይኑን መጋረጃው ላይ ይተክላል። አሁን ብቅ ብትል አለቀልኝ።

«እንግዳዬን ማየት ከፈለጉ» እለዋለሁ፣ «ወጥተው ያንኳኩ።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የዝናብ ልብሱ ላይ ይወረውረዋል። «ከእንግዲህ እግሬ እዚህ አይደርስም።»

«መንገዱን ያውቁታል ጋሼ።»

ወጥቶ ሲሄድ በሩን አይዘጋውም።

ልጅቷ ረጅም እርጥብ ጸጉሯን በፎጣ እያሸች ትወጣለች። ወደ በሩ ስር ታያለች፣ ባዶ እግሯን ታያለች፣ ከዚያ በተከፈተው በር መንገዱ ላይ የወደቁትን ጫማዎች ታያለች። ልትወጣ ትራመዳለች። እጇን እይዛለሁ። ጋሼ ገና መታጠፊያው ጋ ነው፤ ዞር ብሎ ያን ጸጉር ካየ ይቀለዋል። እንዲቀለው አልፈልግም።

«ውሃ?» ትለኛለች ግራ ገብቷት፤ ሌላ ቃል የላትም።

«ቆይ፣ እኔ አለሁ።»

እወጣለሁ። ጋሼ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ያያል፤ ባለሱቁ ያያል። ጫማውን ከኩሬው አውጥቼ ውሃውን እደፋለሁ፤ ሁለቱንም በቀሚሴ ጫፍ እጠርጋቸዋለሁ። ከዚያ ተመልሼ ደጃፌ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኛቸው፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ በሚታዩበት ቦታ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ።