የወኪሉ በር

ማርሊስ የምትኖረው ኦሬጎን ነው፤ አባቷ የሞተው ደግሞ ነብራስካ። የውርሱ አጣሪ እሷ ስትሆን፣ በሌላ ግዛት የምትኖር በመሆኗ፣ ከሟቹ የሚጠይቁት ነገር ያላቸውን ሰዎች በስሟ የሚቀበል የነብራስካ ነዋሪ እንድትወክል ሕጉ አስገደዳት። የአባቷን ጓደኛ ቨርነንን ወከለች፤ ወኪልነቱን የሚገልጽ ማስታወቂያም በአባቷ ከተማ ጋዜጣ ወጣ። አባቷ ዕዳቸውን ያልከፈላቸው ጥርስ ሐኪምና ዘር ነጋዴ ቨርነን ዘንድ መጡ፤ ተከፈላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ሳለ ቨርነን ደወለ።

«ልጄ፣ አንድ ሽማግሌ ደጄ መጥቷል። ‹አባቷ ቃል ገብቶልኛል› ይላል።»

«ስንት ነው የሚለው?»

«ገንዘብ አልፈልግም ነው የሚለው። ‹ልጅቷን ሰጥቶኛል› ይላል።»

ማርሊስ ሳቀች። «አርባ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ! ዘግይተሃል ይበሉት።»

ቨርነን አልሳቀም። «አገሯ ሩቅ ነው አልኩት። ጋዜጣውን አውጥቶ አነበበልኝ፤ ወኪሉ ዘንድ የደረሰ እሷ ዘንድ እንደ ደረሰ ይቆጠራል ይላል።»

«እሱ ለሕግ ወረቀት ብቻ ነዋ!»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

አባቷ በሕይወት ሳለ፣ ወደዚያች ከተማ እንዳትመለስ በየስልኩ ይለምናት እንደነበር ትዝ አላት።

«ቨርነን፣ እባክዎ እንዳያስገቡት።»

ቨርነን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውጭ ብርድ ነው፣ ልጄ። አሁን አስገባሁት። ጫማውን እየጠረገ ነው።»

ጫማ ምንጣፍ ላይ ሲፈተግ በስልኩ ሰማችው፤ ቀስ ብሎ፣ አንዱ እግር፣ ከዚያ ሌላው። ስልኩን ዘጋችው።

ከኋላዋ፣ ከራሷ ሳሎን፣ ጫማው መፈተጉን ቀጠለ።